አንድ ዓመት ለንደን፣ አንድ ዓመት እኛ ቤት

ታናሽ እህቴ ከለንደን የመጣላትን የቅበላ ደብዳቤ ያነበበችልን እሁድ ከሰዓት፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነበር። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አነበበችው፤ ከዚያ በአማርኛ ደገመችው። እናታችን ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መልሳ «እና ምንድን ነው የምትማሪው?» አለቻት።

«ቴአትር። ሁለተኛ ዲግሪ።»

«ቴአትርማ ተምረሽ ጨርሰሽ የለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። እህቴ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የሠራችው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም በሚጠራው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም ስምንት ዓመት በአንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ ስታስተምር፣ ሚኒ ሚዲያውንና የድራማ ክበቡን ስትመራ ቆየች። እናታችንም ብትሆን ቴአትር የምትንቅ ሰው አይደለችም። በወጣትነቷ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ተሰልፋ ትኬት ቆርጣለች፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ወጥ እንዳረረባት እስከ ዛሬ ታወራለች። ያልገባት ሌላ ነው። ሰው ተውኔት ማዘጋጀትና መተወን ከቻለ በኋላ ባሕር ተሻግሮ የሚማረው ምን ቀረው?

ጥያቄው የሁላችንም ነበር። የባሰውን ጥያቄ ግን ያን ቀን ማንም አላነሳም። የአምስት ዓመቱ ልጇ በእግራችን ሥር መኪናውን እየነዳ ነበር።

ያላነሳነው «ልጁ ሁለት ወር ቆይቶ ይከተልሻል» ስለተባለች ነው። ይህን ያላት የቪዛ ጉዳይ የሚያስፈጽምላት አንድ አማካሪ ነው፤ ገንዘቡንም አስቀድሞ ተቀብሏል። ሐምሌ ላይ እህቴ ራሷ የእንግሊዝ መንግሥትን መመሪያ ቁጭ ብላ ስታነብ ነገሩ ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በትምህርት ቪዛ የሚሄድ ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ማስከተል የሚችለው እንደ ፒኤችዲ ያለ የምርምር ዲግሪ የሚማር ከሆነ ወይም የመንግሥት ስኮላርሺፕ ካገኘ ብቻ ነው። የእህቴን የትምህርት ክፍያ የሸፈነላት ዩኒቨርሲቲው ነው እንጂ መንግሥት አይደለም። ቼቭኒንግ የተባለውን የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሁለት ጊዜ ሞክራ አልቀናትም። እንግዲህ ወይ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ወይ ትቀራለች።

ባለቤቷ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ሳይት ላይ ነው የሚያሳልፈው። «አንቺ ያልሽው ይሁን» ብሎ ዝም አለ። እናታችን «ሂጂ፤ ልጁ እኔ ጋ ይሆናል። አንቺንስ ማን አሳደገሽ?» አለች። አትሂጂ ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህ ዓምድ ስለ ልጅና ስለ እናት ስንት ወር ስጽፍ ኖሬ፣ አሁን ምን ልበል? ሦስት ቀን ተኳረፍን። በአራተኛው ቀን ለልጁ ፒጃማ ልንገዛ አብረን ወጣን፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

የወረቀቱን ጣጣ ባጭሩ ልለፈው። የዘጠኝ ወር የለንደን ኑሮ ወጪ በራሷ ሂሳብ ገብቶ 28 ተከታታይ ቀን ከተወሰነው መጠን ሳይጎድል መቀመጥ አለበት። የእናታችን ዕቁብ፣ የባለቤቷ ቁጠባና የእኔም ትንሽ ነገር እዚያ ተከማችቶ ሳለ የጣሪያው ቆርቆሮ ማፍሰስ ጀመረ፤ ባልዲ ደቅነን እንደ ጾም ቀን ቆጠርን። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አለ፤ ለጤና አገልግሎት በዓመት 776 ፓውንድ የሚከፈልም አለ። ማደሪያ የሰጠቻት ለንደን የምትኖር የአክስታችን ልጅ ናት። ያ ባይሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

የመስቀል ማግስት ሄደች።

ለንደን ውስጥ ቴአትርን በማስተርስ የሚያስተምሩ ተቋማት ብዙ ናቸው። ስዊስ ኮቴጅ የሚገኘው ሮያል ሴንትራል እ.ኤ.አ. በ1906 የተቋቋመ ነው፤ ጎልድስሚዝስ ኒው ክሮስ ነው፤ ኩዊን ሜሪ ደግሞ ማይል ኤንድ። የትምህርቱ ስም ይመሳሰላል እንጂ ውስጡ አይመሳሰልም። አንዱ ጋ ቀኑን ሙሉ ጫማህን አውልቀህ ስቱዲዮ ውስጥ ትውላለህ፤ ሌላው ጋ መጽሐፍ ተሸክመህ ትገባለህ፣ ተሸክመህ ትወጣለህ። አንዳንዱ ኤምኤፍኤ ይባልና ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ኤምኤው ግን ከመስከረም እስከ መስከረም ነው። ልጃችሁ ወይም እህታችሁ ይህን የምታስብ ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ስንት ሰዓት በተግባር፣ ስንት ሰዓት በንባብ እንደሆነ ትጠይቅ። እህቴ የመረጠችው ቴአትርን ከመድረክ አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሆስፒታልና ወደ ማረሚያ ቤት የሚወስደውን ዘርፍ ነው።

ለዚህ ዘርፍ ከተማዋ ራሷ ክፍል ናት። «ክሊን ብሬክ» የሚባለውን የቴአትር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1979 የመሠረቱት ሁለት እስረኛ ሴቶች ናቸው፤ ዛሬም ከወህኒ ቤት ሕይወት ጋር ከተነካኩ ሴቶች ጋር ይሠራል። «ካርድቦርድ ሲቲዝንስ» ደግሞ ቤት ከሌላቸው ሰዎች ጋር ነው የሚሠራው። ዘዴውን የወሰደው ከብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው፤ ተመልካቹ ትዕይንቱን «ቁም!» ብሎ ያስቆምና ተዋናዩን ተክቶ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» እያለ በተግባር ያሳያል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው። በድራማ ክበቡ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጆቹን መጨረሻ ላይ ምክር እንዲናገሩ ስታደርግ መኖሯ አናደዳት።

በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ደወለችና «እማዬ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ለቅሶ ተናገርኩ» አለች። እዚያ የሚማሩት ነገር «ፐርፎርማንስ» ይባላል፤ የእኛ ምሁራን «ክዋኔ» ይሉታል። ኒው ዮርክ ያስተምር የነበረው ሪቻርድ ሼክነር የመሳሰሉ ሰዎች ያስፋፉት ሐሳብ ነው። ቴአትር ከክዋኔዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ሠርጉም፣ ችሎቱም፣ የኳስ ሜዳውም በዚያው ዓይን ሊጠና ይችላል ይላል። መምህሯ «ከየአገራችሁ አንድ አምጡ» ሲሏቸው እህቴ ለቅሶ ቤትን አመጣች። ማን የት ይቀመጣል፣ ማን ሲገባ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል፣ ሙሾ አውራጇ መቼ ትጀምራለች፣ ሌላው መቼ ይቀበላታል።

እናታችን ዝም ብላ ሰማቻትና «ለዚህ ነው ለንደን ድረስ የሄድሽው? ለቅሶ ልትማሪ? እዚህ ሰፈር ስንት አለ!» አለች። እኛ ስንስቅ እሷ አልሳቀችም። «ደግሞ ተሳስተሻል፤ ሙሾ አውራጅ ዝም ብላ አትጀምርም። መጀመሪያ ዘመድ ጠይቃ፣ የሟቹን ሥራና ባሕርይ አጣርታ ነው የምትነሣው» ብላ አርባ ደቂቃ አስተማረቻት። የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ የተወለደው ከዚያች ስልክ ነው።

ሥራም ያዘች። በትምህርት ቪዛ ያለ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል። ነገር ግን (ይህ ሁሌ ያስቀኛል) የቴአትር ተማሪ እንኳ ብትሆን፣ ከኮርሱ ጋር ከተያያዘ የልምምድ ሥራ ውጭ ለገንዘብ መድረክ ላይ መውጣት አትችልም። ስለዚህ በአንድ ቴአትር ቤት ትኬት እያየች ሰው የምታስቀምጥ አስተናጋጅ ሆነች። አንዱን ተውኔት 31 ጊዜ አየችው። ከአሥረኛው በኋላ መድረኩን ትታ ተመልካቹን ማየት ጀመረች። «እትዬ፣ ሰው የሚያስለው ብርድ ይዞት አይደለም፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚስሉት፣ ትዕይንቱ ሲላላ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንም ስብሰባም ስሄድ ሳል ስቆጥር እገኛለሁ።

በእረፍቷ ቀን ቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለው ግሎብ ትሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው፣ የሼክስፒርን ዘመን አስመስሎ የተሠራው ጣሪያ የለሽ ቴአትር ነው። 700 ያህል ሰው ቆሞ ያያል፤ ለቆመ ሰው ትኬቱ ርካሽ ነው፤ ቢዘንብም ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን እና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ የመለሰልን ሰው ነው፤ በወጣትነቱም ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ልምድ ቀስሞ ተመልሷል። እህቴ ሮያል ኮርት ደጃፍ ቆማ ፎቶ ተነሥታ ላከችልን። እናታችን አይታ «ከሳሽ» ብቻ አለች።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ የነካት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1737 እስከ 1968 በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ የሚታይ ተውኔት አስቀድሞ ሎርድ ቻምበርሊን ለሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ቀርቦ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ከ1824 ወዲህ የቀረቡለት ጽሑፎች ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል። እህቴ እስክሪብቶዋን በር ላይ ትታ በእርሳስ ብቻ እየጻፈች አነበበቻቸው። ይህ ቃል ይውጣ፣ ይህ ንግግር ይቀየር የሚሉ ማስታወሻዎችም አሉ። የአማርኛ የመጀመሪያ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዶ ነበር፤ መከልከልን እኛም እናውቃለን። እሷን ያንገበገባት ግን መከልከሉ አልነበረም። «እነሱ የሰረዙትን እንኳ አስቀምጠውታል» አለችኝ። «የእኔ ልጆች ስምንት ዓመት የጻፉት ድራማ አንዱም የለም። ደብተሩ ክረምት ሲመጣ ለቆሎ መጠቅለያ ይሸጣል።»

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዓመቱ ያማረ ይመስላል። ያማረ አልነበረም።

ከገና በኋላ ልጁ ስልክ አልይዝም አለ። ለንደን በክረምታቸው ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እሷ ከክፍል ወጥታ ስትደውል እሱ እንቅልፉ የመጣበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ «ደክሞኛል» አለ። ከዚያ ስልኩን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፍቶት ሄደ። ከዚያ ሲጠራ ብቻ ሰምቶ አልጋ ሥር መግባት ጀመረ። ሌሊት አልጋ ያረጥብ ጀመር፤ ሁለት ዓመት ያቆመውን ማለት ነው። እናታችን አንሶላውን በጠዋት አጥባ ታሰጣለች፤ ለማንም አትናገርም። እኔ ሳውቅ ለእህቴ «በቃ፣ ተመለሺ» ብዬ ጻፍኩላት። አንድ ቀን ሙሉ አልመለሰችልኝም።

በዚያው ሳምንት ክፍላቸው ለንደን ብሪጅ አጠገብ ያለውን ዩኒኮርን የሚባል የልጆች ቴአትር ሊያይ ሄዶ ነበር። የእናቶችና የልጆች ጫጫታ መሐል ብቻዋን ተቀምጣ፣ መብራቱ ሲጠፋ እንዳለቀሰች የነገረችኝ ቆይታ ነው። መምህራቸው እዚያው ስለ «ኦይሊ ካርት» አጫወቷቸው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተ ቡድን ለጨቅላ ሕፃናትና ከባድ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ልጆች የሚጫወት ነው፤ አንዳንዴ ትርኢቱን የሚያቀርበው ገንዳ ውኃ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ተዋናዩ ልጁን «እየኝ» ብሎ አያስገድደውም አሏቸው። ጎኑ ይቀመጣል፤ በአንድ ዕቃ ለብቻው ይጫወታል፤ ይጠብቃል።

በማግሥቱ ማታ ቪዲዮው ሲከፈት የእህቴ ፊት አልነበረም። ሰማያዊ ካልሲ ነበር፤ በጥቁር ክር ሁለት ዓይን የተሰፋለት። ካልሲው ማንንም አልጠራም። ጠረጴዛ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ልጁ ከአልጋ ሥር አንገቱን አወጣ።

«አንተ ማነህ?»

«አቶ ካልሲ ነኝ። ወንድሜ ጠፍቶብኝ ነው። ሁለት ነበርን።»

ልጁ ሮጦ ሄዶ ከመሳቢያው አንድ ካልሲ አመጣና ለስልኩ አሳየው። «ይሄ ነው?» አልነበረም፤ ቀዩ ነበር። ሌላ አመጣ። ያን ማታ የቤታችን ካልሲ በሙሉ ሳሎን ወጣ።

ከአቶ ካልሲ ጋር በየቀኑ ያወራ ጀመር፤ ከእናቱ ጋር ግን አይደለም። በአምስተኛው ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬን ታውቃታለህ?» አለው።

«አውቃታለሁ።»

«ተቆጥቼ ነበር በላት። አሁን ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ካልሲው ዝም አለ። ልጁ ጠጋ ብሎ አየውና «በርዶሃል እንዴ? ትንቀጠቀጣለህ» አለ።

ይህን ጽፌ ለእህቴ ሳነብላት «እባክሽ ካልሲው ሁሉን አስተካከለ እንዳትዪ» አለችኝ። አላስተካከለም። አልጋ ማርጠቡ እስከ ግንቦት ቆየ፤ ጥፍሩን መብላትም ለመደ፤ ኬጂ ውስጥ ሥዕል ሲሥል ቤተሰቡን አራት ሰው ካደረገ በኋላ እናቱን በወረቀቱ ጀርባ ሣላት። በሌላ በኩል አባቱ ከሳይት ሲመጣ ከፊት ይልቅ ረዘም አድርጎ መቆየት ጀመረ። ፀጉሩን የሚያበጥረው እሱ ሆነ። ይህም የሆነው እሷ ስላልነበረች ነው፤ ምን ብዬ ልመዝነው?

የመመረቂያ ጽሑፏ ጊዜ ሲደርስ እናታችን ዋና ምንጭ ሆነች። እዚያ አገር ሰው ጠይቀህ ለመጻፍ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀው ሰው ምን እንደሚጠየቅ ተነግሮት፣ ተስማምቶ ይፈርማል። ቅጹን በአማርኛ ተርጉማ ላከችው፤ እኔ አትሜ አመጣሁት። እናታችን መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ከገዛ ልጄ ጋር ለማውራት ነው የምፈርመው?»

«ደንቡ ነው እማዬ።»

«‹በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ› ይላል።»

«አዎ።»

«ልጅሽ ራቱን ሳይበላ አቋርጣለሁ በያት» አለችና ፈረመች።

ስድስት ማታ ተቀዳች። ስለ እናቷ ቀብር፣ ስለ ወንድሟ መርዶ፣ እኛ ልጆቿ አንድም ቀን ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ተናገረች። ምግብ ቤት በር ላይ ቆሜ የሰማሁበት ማታ አለ። ወንድሟ የሞተ ጊዜ እኔን አርግዛ ስለነበር ለቅሶ ቤት እንዳትገባ ከልክለዋት፣ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ብቻዋን እንዳለቀሰች ያን ማታ ነው የሰማሁት። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እህቴ ለእንቁጣጣሽ ደረሰች። ቦሌ ልጁ ሮጦ አልተጠመጠመባትም፤ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ቆሞ «አቶ ካልሲስ?» አላት። ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ሻንጣው ደግሞ ከእሷ ጋር አልመጣም። ሦስት ቀን ጠበቅን። በሦስቱ ቀን እንደ እንግዳ ነበር የሚያያት፤ ጫማውን እሷ ልታስር ስትጎነበስ እግሩን ይስብ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች። ደመወዟ የጨመረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የድራማ ክበቡ ልጆች መጨረሻ ላይ ምክር መናገር አቁመዋል፤ አንዳንድ ወላጆች «ትምህርቱ የት አለ?» ብለው ቅሬታ አቅርበዋል። ቢሮዋ ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት ሳጥን አለ፤ የልጆቹ ደብተሮች እዚያ ይገባሉ። አትሂጂ በማለቴ ተሳስቼ እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የመመረቂያ ጽሑፉ ታትሞ ሲመጣ እናታችን ስሟን ስትፈልግ ገጽ በገጽ አገላበጠችው። በደንቡ መሠረት የተጠያቂ ስም አይጻፍም።

«የታለሁ?» አለች።

እህቴ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ «ይኸው እማዬ፤ ‹ተሳታፊ 1› የሚለው አንቺ ነሽ» አለቻት።

«ተሳታፊ አንድ? እኔ ስም የለኝም?»

ልጁ ሰምቶ ነበር። አሁን ራት ሲቀርብ ከሳሎን ሆኖ «ተሳታፊ አንድ፣ ውኃ አምጪልኝ» እያለ ይጣራል። እሷም «ተሳታፊ አንድ ማቋረጥ ትችላለች ተብሏል፤ ተነሥተህ ቅዳ» ትለዋለች።